ስለ ተመስጦ ዜማና ስለ ችኮላ

አባትና ልጅ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ርስት የተጣሉ እንደ ሆነ ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ያስታርቃቸዋል፤ ነገሩ በልክና በቍጥር የሚታወቅ ነውና። ነገር ግን ስለ ዜማ የተጣሉ እንደ ሆነ፣ አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማውምና፣ ሽማግሌው ምን ይዞ ይፈርዳል? በዚህ ገጽ ስለ ቤት አስተዳደር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ፍቅር ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ በላሊበላ ከተማ በአንድ ዘመዳችን ቤት ስለ ደረሰ ጠብ ልንጽፍ ወደድን። ጠቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በብዙ ቤት ያለ ስለ ሆነ አንባቢ የራሱን ቤት በውስጡ ሳያገኝ አይቀርም።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። የአጎታችን ልጅ የሆነች እመቤት ባለፈው የጥር ወር ሴት ልጅዋን ዳረች። ባለቤትዋ በልጅነቱ በቅኔ ቤት የዋለ፣ ኋላም በእርሻና በንግድ የሚተዳደር፣ ማሲንቆ ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመሰጥ ሰው ነው። ወንድ ልጃቸው ግን በደሴ ከተማ ቀን ስልክ ይጠግናል፤ ማታ በኮምፒዩተር ሙዚቃ ያቀናብራል። በሠርጉ ማታ ልጁ ሁለት ታላላቅ የድምፅ ማጉያዎች በዳሱ ግራና ቀኝ አቁሞ ያቀናበረውን ሙዚቃ አሰማ። ወጣቶቹ እስክስታውን ወረዱት፤ ከሽማግሌዎቹ ግን አንዱ ጆሮውን ያዘ፣ ሌላው ጋቢውን ሰብስቦ ከዳሱ ወጣ። በዚህ ጊዜ አባት ተነሥቶ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለው። ዳሱ ጸጥ አለ። ልጁም ዕቃውን ጠቅልሎ በዚያው ሌሊት ሄደ። ለፋሲካ ወደ ቤቱ ቢመለስም፣ በዓሉን የበላው ከእናቱ ጋራ በጓዳ ነው እንጂ ከአባቱ መሶብ አልቀረበም።

እናቲቱም ወደ እኛ መጥታ፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ በፍርድ ቤት የሰውን ነገር ሁሉ ስትጽፍ ትውላለህ፤ የእኔን ቤት ነገር የሚጽፍልኝ ግን አጣሁ» አለችን። እኛ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለንም። ነገር ግን የጸሐፊ ሥራ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይጨምሩና ሳያጐድሉ መጻፍ ስለ ሆነ፣ በዚሁ ልማዳችን ሁለቱንም ልንሰማ ተስማማን። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ከአባትና ከልጁ ሌላ አንድ ሦስተኛ ሰው አስጠራን፤ ይኸውም ከላሊበላ በላይ ካለው የላስታ ደጋ የሚመጣ ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ነው። የአባትዬውን ሠርግ ያደመቀው እርሱ ነበር፤ በልጁ ሙዚቃ ውስጥ የሚሰማውም የማሲንቆ ድምፅ የእርሱ ነው።

አባት አስቀድሞ ተናገረ። «የዛሬ ሙዚቃ ደጅ የለውም፤ ከመንገድ በቀጥታ እልፍኝ ይገባል። ቀድሞ አዝማሪ ሲመጣ በመጀመሪያ ማሲንቆውን ይቃኛል። ከዚያ በዘለሰኛ ወይም በትዝታ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ሰውም ከመንገድ ድካሙ ያርፋል፣ ያዘነው ሐዘኑን ያስታውሳል። እኩለ ሌሊት ሲደርስ ግን ትከሻ ሁሉ ባለቤቱ ሳያዘው ይነሣል። ዛሬ ከመጀመሪያዪቱ ደቂቃ ጀምሮ ጩኸት ነው። እሳቱ ሳይያያዝ ድስቱን ይጥዱና፣ ወጡ አልጣፈጠም ብለው በርበሬ ይጨምራሉ» አለ።

ልጁም ራሱን ዝቅ አድርጎ መለሰ። «አባዬ፣ ሙዚቃው 11 ደቂቃ ነው። አንተ የሰማኸው ከመካከሉ ጀምሮ ነው። መግቢያውን ስጀምር አጎቶቼ፣ ይህ ምን ይንቀራፈፋል፣ የሚጨፈርበትን አምጣ ብለው አዘለሉኝ። ደግሞም እኔ ሕፃን ሳለሁ በታላቅ እኅቴ ሠርግ ጊዜ፣ አዝማሪው ዘለሰኛውን ሲጀምር፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃልና አሳጥረው ያልኸው አንተ ነህ» አለ። አባት ዝም አለ። እናቲቱ አቦሉን ቀድታ ሰጠችን፤ እኛም ነገሩን ቆም ብለን መመርመር ያሻል ብለን አሰብን።

ሰሚውን ከራሱ አውጥቶ ወደ ሌላ ሐሳብ የሚወስደው ዜማ፣ ያ ተመስጦ የምንለው ነገር፣ ከምን ይመጣል? በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ የተማርነው ትዝ ይለናል። በ6ኛው ምእት ዓመት እንደ ነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ከፍሎ አቆመልን። መዘምራኑም በማኅሌት ጊዜ አንዱን ቃል በብዙ ደረጃ ያወጡታል፤ በመጀመሪያ በአፍ ብቻ፣ ቀጥሎ መቋሚያውን እያዘነበሉ በዝማሜ፣ ከዚያ በጸናጽል፣ ከዚያ በከበሮ በመረግድ፣ በመጨረሻም እያጨበጨቡ በጽፋት ያደርሱታል። በዝማሜው ያልቆመ ሰው የጽፋቱን ደስታ አያገኘውም። ማኅሌቱን ከጭፈራ ጋራ ማስተካከላችን አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ናቸው። ይህን ማንሣታችን ግን የሰው ልብ ወደ ተመስጦ የሚወጣው በመሰላል እንጂ በዝላይ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ይህን በዓይን ማየት የሚወድ ሰው በታኅሣሥ 29 ቀን በልደት በዓል በላሊበላ ይገኝ። ከዐለት ከተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ግማሾቹ በዙሪያው ካለው ዐለት አናት ላይ፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲቀባበሉ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ከዐለቱ እየተጋጨ ሲመለስ፣ የማይመሰጥ ሰው የለም። ዳሩ ግን ከላስታና ከዋግ፣ ከሩቅም አገር በእግሩ መጥቶ፣ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ ያደረው ምእመን የሚሰማውና፣ ረፋድ ላይ ደርሶ በስልኩ ሥዕል አንሥቶ የሚመለሰው ሰው የሚሰማው አንድ አይደለም። ዜማው አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ለየቅል ነው። የወሎ እስላሞች ወንድሞቻችን መንዙማም እንዲሁ ነው። አንዱ በዝግታ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ ጭብጨባውና ድቤው ይከተላል፤ ሌሊቱም ሳይታወቅ ያልፋል።

ይህ የአባትና የልጅ ክርክር የላስታ ብቻ መስሎ እንዳይታይ፣ በባሕር ማዶ የሆነውን ደግሞ እንናገር። በጀርመን አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትራንስ የተባለ በመሣሪያ የሚቀናበር ሙዚቃ ተነሣ፤ የስሙም ትርጓሜ ከራስ መውጣት፣ መመሰጥ እንደ ማለት ነው። ከበሮው ባንድ ደቂቃ ከ130 እስከ 140 ጊዜ ያህል ይመታል። አንዲት አጭር ዜማ እየተመላለሰች፣ በላይዋ ሌላ ድምፅ እየተደረበ ይሄዳል። መካከል ላይ ከበሮው ድንገት ይቆምና ዜማይቱ ብቻዋን ትቀራለች፤ ሰሚው በናፍቆት ሲጠብቅ ከበሮው ይመለሳል። ወዳጆቹም ብዙ ሳይቆዩ በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን፣ የቀድሞው ረጅምና ታጋሽ ነበር፣ የዛሬው ግን ለሬዲዮ እየተቈረጠ ወደ ጫፉ ብቻ ይሮጣል ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ዜማው ጠራ እንጂ አልተበላሸም፣ እናንተ የምትናፍቁት ሙዚቃውን ሳይሆን ወጣትነታችሁን ነው ብሎ ይመልሳል። የእኛዎቹ አባትና ልጅ በቡናው ረከቦት ዙሪያ የተናገሩት ይኸው አይደለምን?

ከዚያው ወገን አንድ ሰው ሮበርት ማይልስ የሚባል የኢጣልያ ሙዚቀኛ ነበረ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. አርፏል። በ1995 ዓ.ም. ልጆች የሚል ትርጓሜ ያለው ሙዚቃ አወጣ፤ ፒያኖው ዝግ ያለ፣ ልብን የሚያበርድ ነው። በዚያ ጊዜ በኢጣልያ ወጣቶች ሌሊቱን ሲጨፍሩ አድረው፣ ሲነጋ ሰውነታቸው ሳይበርድ መኪና እየነዱ በመንገድ ይሞቱ ነበር። እርሱም የሌሊቱን መጨረሻ የሚያረጋጋ ዜማ ልሥራ ብሎ እንዳሰበ ተናግሯል። ይህን ነገር ለወላጆች ሁሉ መንገር ያሻል። ተመስጦ መውጫ ብቻ ሳይሆን መውረጃም ያስፈልገዋል፤ ልጅን ከፍ አድርጎ ወስዶ ሳያወርድ የሚተወው ሙዚቃ ግማሽ ሥራ ነው።

እንግዲህ ዜማውን የቈረጠው ማን ነው? አባቶች ኮምፒዩተር ነው ይላሉ። ነገር ግን መቀሱ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ፣ የሸክላው አንድ ፊት የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘለቀው የማሲንቆ ጨዋታ በዚያች ጠባብ ቤት መግባት ግድ ሆነበት። ከብዙ ዘመን በኋላ አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1969 እስከ 1975 ዓ.ም. ባሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎችም ልኩ ብዙ አልተለወጠም። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ እርሱ ሰፋ ያለ ነበር፣ ነገር ግን ጆሯችን በአጭሩ ለምዶ ቆየ።

ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒዩተር እንደ ሸክላ ልክ የለውም፤ የአንድ ሰዓት ዜማ ቢሰጡት ያለ ድካም ይይዛል። እንግዲህ አሁን የሚቈርጠው መሣሪያው ሳይሆን እጃችን ነው። ስልኩን ይዘን አንዱን ሳንጨርስ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ላሊበላ የሚባሉት ሌሊት በየደጁ የሚያዜሙ ሰዎች እንኳ ሲመጡ፣ ብዙዎቻችን ገንዘቡን ቶሎ የምንሰጠው ዜማውን ወደን ሳይሆን ቶሎ እንዲሄዱልን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ጊዜ እናተርፋለን ስንል ዜማውን አፈሰስነው።

መሣሪያው ራሱ በደለኛ አለመሆኑን የሚመሰክር ሌላም አለ። በዋልያስ ባንድ የታወቀው ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ብቻውን ተቀምጦ፣ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከበሮ በሚመታ መሣሪያ የቆዩ የአገራችንን ዜማዎች ተጫወተ። በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና በታተመ ጊዜ፣ የአገራችንን ቋንቋ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ በብዙ አገር ሰሙት፤ ዝግታው ስላልተነካ ነው ብለን እናስባለን። በቅርቡ ደግሞ እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ የአዲስ አበባ ልጆች የአዝማሪን ድምፅና የአገር ባህል መሣሪያን ከኮምፒዩተር ጋራ አዋሕደው፣ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ በሚል ስም በውጭ አገር አሳትመዋል። የደሴው ልጅ የሚከተለው የእነዚህን ፈለግ ነው።

ይህን ብንልም ልጁ ነውር የለበትም አላልንም። ቶናው ሲቀዳ ሽማግሌው ማሲንቆ መቺ ቃሉን ሰጠ። «ልጄ፣ የኔን እጅ ድምፅ በሠርጉ ዳስ ሰማሁት፤ ደነገጥሁም። ከሁለት ዓመት በፊት በስልክህ ስትቀዳ ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። ስሜን ማን ጠራው? ድርሻዬንስ ማን ያዘው?» አለ። ልጁ ፊቱ ቀላ። ሽማግሌው ቀጥሎ፣ «መሣሪያህን አልጠላም። ከ2012 ዓ.ም. በሽታውና ከእርሱ ቀጥሎ ከመጣው ጦርነት ወዲህ እንግዳ ወደ ላሊበላ መምጣቱ ሲቋረጥ፣ ማሲንቆዬን ከግድግዳ ሰቅዬ ቀን ሥራ ውዬአለሁ። ዛሬም ወደ ሠርግ ስጠራ፣ ሁለት ተጫወትና ለኪቦርዱ ልቀቅ ይሉኛል። የፈረሱ ጭራ ሙጫ ተቀብቶ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔም እንደ እርሱ ነኝ። ጊዜውን የሚሰጠኝ አጣሁ እንጂ መሣሪያ አልበደለኝም» አለ።

ከዚህ በኋላ ልጁ ከጀበናዪቱ የማትበልጥ ትንሽ የድምፅ ማጉያ አውጥቶ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው አሰማን፤ ማንም እንዳይናገር እናቲቱ አዘዘች። 11 ደቂቃ ሙሉ በአንድ ቤት አምስት ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አላየንም። መጀመሪያ ማሲንቆው ብቻውን ሲቃኝ ተሰማ፤ ከዚያ በሩቅ እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ መጣ፤ ኋላም ከበሮው ገባ። አባትዬው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ባለቀ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ፣ «ከበሮው ቸኰለ» አለ። «የት ላይ?» አለ ልጁ። «ማሲንቆው ገና ሲያዝን ነው የገባበት። ሐዘኑን ይጨርስ» አለ። ልጁም ተከራክሮ፣ «እንዲያ ከሆነ ወጣቱ ይሰለቻል» አለ። አባት፣ «ይሰልች፤ የሰለቸ ሰው ነው የሚናፍቅ» ብሎ መለሰ። ሁለቱ ከጥር ወዲህ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እናቲቱ በረካውን የቀዳችው እጅዋ እየተንቀጠቀጠ ነው።

በዚያ ቀን የተስማሙበት ነገር ሦስት ነው። የሽማግሌው ስም ከሙዚቃው ጋራ እንዲጠራና ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻው እንዲሰጠው ልጁ ቃል ገባ፤ እኛም ቃሉን በወረቀት ጽፈን ሁለቱን አስፈረምን። አባትም የነቀለው የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይሆን የልጁን ቃል እንደ ሆነ አምኖ፣ ለቅጣቱ በግ ሊያርድ ተስማማ። ለሚመጣው በዓል ደግሞ ማሲንቆው እስኪበቃው ተጫውቶ ሲያበቃ የልጁ ሙዚቃ እንዲከተል ሆነ። በዚያው ማታ ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ከበሮውን ወደ ኋላ አዘገየው። አባትም ከጎኑ ተቀምጦ፣ «ጥቂት ጨምር፣ ጥቂት ጨምር» ይል ነበር፤ ስለ ጨመሩት ልክ ግን ገና አልተስማሙም።

ከዚህ ነገር የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የሚወስዱት ትምህርት አለ ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ ልጅህ የሚሰማውን ዜማ ከመንቀፍህ በፊት ከመግቢያው እስከ መውጫው አንድ ጊዜ አብረኸው ስማ። ከመካከሉ ሰምቶ የሚፈርድ፣ የምስክሩን ቃል ግማሽ አንብቦ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው። ሁለተኛ፣ በሠርግህና በበዓልህ አዝማሪ ስትጠራ ጊዜውን አትሸራርፍበት፤ ገንዘቡን ከፍለህ ጊዜውን የነሣኸው እንደ ሆነ ምንም አልሰጠኸውም። ሦስተኛ፣ እናንት ወጣቶች፣ የሽማግሌን ድምፅ ስትቀዱ ስሙንና እንጀራውን አብራችሁ ያዙ፤ ድምፁን ብቻ መውሰድ የሰው እርሻ አጭዶ መሄድ ነው።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ቡናችንን እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን በሦስት የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ ከአቦሉ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ በረካው እንደሚቀርበት እናውቃለን። ዜማውንም እንዲሁ እስከ በረካው ድረስ ተቀምጠን ብንሰማው፣ ማሲንቆም ይሁን ኮምፒዩተር፣ ቤታችን የሚያጣው ነገር አይኖርም። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን።